የአራተኛው በረት ዋጋ

ውብአንቺ በየማለዳው ከእንግዳ ማረፊያው ወጥታ፣ የፋጉሎና የሞላሰስ መኖ ሽታ ያረበበበትን ሰፊ ግቢ አቋርጣ፣ ቢሮዋ ገብታ መስኮቱን ትዘጋለች። ከሞጆ ወጣ ብሎ ያለው ይህ የከብት ማድለቢያ ከቤተሰብ ንግድነት ወደ ትልቅ አክሲዮን ማኅበርነት አድጓል። እስካሁን ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች በተፈቀደው ቀለል ባለ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ ነበር ሪፖርት የሚያደርገው። አሁን ግን የሕዝብ ጥቅም ያለበት ድርጅት ስለሆነ ሙሉውን ዓለም አቀፍ ደረጃ ተከተል ተብሏል። ሂሳቡን የሚያሸጋግር ባለሙያ ሲፈለግ የሂሳብ ኃላፊው ጋሽ ደምመላሽ የጠሩት እሷን ነው።

ጋሽ ደምመላሽ ሙያውን ብቻ አይደለም ያስተማሯት። አባቷ ሲሞት የኮሌጅ ክፍያዋን የከፈሉ፣ በሠርጓ ቀን በአባቷ ቦታ ቆመው የመረቋት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ነይ ካሏት ለምን ብላ አትጠይቅም።

ምሳ ሁልጊዜ አብረው ይበላሉ። ጥብሱን ጠቅልለው ያጎርሷትና በቃኝ ስትል አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ይደግሟታል፤ ከዚያም ይሠልሷታል፤ የሦስተኛው ምክንያት ምን እንደሆነ ግን ተረቱም አይናገርም። ቀሚሶቿ አንድ በአንድ ጠበቧት። እጅ ከታጠቡ በኋላ ክንዷን ጨበጥ ያደርጉና ተመስገን ይላሉ፤ እሷም አባት ያለው ሰው እንዲህ ነው ብላ ደስ ይላታል።

አንድ ቀን ከብቶቹን የሚመግበው ኦብሳ ጋሪውን እየገፋ በአጠገቧ ሲያልፍ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ "እትዬ፣ ምሳ ብዙ አይብሉ" አላት። ነገሩ ስላሳቃት ለጋሽ ደምመላሽ አጫወተቻቸው። እሳቸውም ሳቁ። በማግስቱ ጋሪውን ሌላ ሰው ይገፋ ነበር፤ ኦብሳ አገሩ ገባ ተባለ።

ሥራው የተጓተተው በአንድ ጉዳይ ነው። በአነስተኛው ደረጃ የአንድን ከብት የዛሬ ዋጋ ማወቅ ካስቸገረ፣ በወጣበት ወጪ መዝገብ ላይ መያዝ ይቻል ነበር። በትልቁ ግን ሕይወት ያለው ሀብት ሁሉ በሪፖርቱ ቀን ገበያ በሚያወጣው ዋጋ ነው የሚያዘው፤ ለዚህ ደግሞ ባለሙያዋ ከብቶቹን በዓይኗ ማየት አለባት። ሦስቱን በረቶች አይታለች። አራተኛው ጋ ሲደርሱ ጋሽ ደምመላሽ ነገ ይሻላል ይላሉ፤ ነገም ሲመጣ ያው ነው።

አራተኛው በረት ከግቢው ጫፍ፣ መስኮቶቹ በቆርቆሮ ተመትተው፣ በጠራራ ፀሐይ እንኳ በሥሩ ጥላ እንደያዘ የሚውል ረጅም ቤት ነው። በአጠገቡ ስታልፍ የማያቋርጥ፣ ዝግ ያለ የማኘክ ድምፅ ትሰማለች፤ እምቧታ ግን አንድም ቀን ሰምታ አታውቅም። ከሳንቃው ስንጥቅ የሚወጣው ሽታ የፋንድያ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ያልታጠበ ልብስ፣ የቆየ ላብና የፀጉር ቅባት አንድ ላይ የታመቁበት፣ ሰው የሞላበት አውቶቡስ የሚመስል ሽታ ነው። በሦስተኛው በረት ያሉት በሬዎችም በዚያ በኩል ያለውን ግድግዳ ሸሽተው በአንድ ጥግ ተፋፍገው ይቆማሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከውስጥ የሆነ ነገር ሲስል ሰማች። ከብትም ይስላል ብላ ራሷን አጽናናች። ቀጥሎ ግን ያው ነገር፣ ሊናገር እንደተዘጋጀ ሰው፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

ወደ ጋሽ ደምመላሽ ቢሮ ሄዳ ሥራውን መተው እንደምትፈልግ፣ ቀሪውን ሌላ ሰው እንዲጨርሰው በትሕትና ነገረቻቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"እኔን ጥለሽ ነው የምትሄጂው?"

አፈረች። ውለታ እንዲህ ነው፤ የሚያስረው በገመድ አይደለም። እንግዲያው በረቱን ዛሬውኑ አይተን እንጨርስ አለቻቸው፤ እሳቸውም ደስ ብሏቸው ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ።

በሩን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው። ቅደሚ ልጄ አሏት፤ ቀደመች። ሙቀቱ ፊቷን መታት፤ ጨለማው ውስጥ ረጅም ገንዳ፣ ከገንዳው ግራና ቀኝ ደግሞ ጭድ ላይ የተጋደሙ ወፋፍራም ጀርባዎች በጭላንጭል ይታያሉ። ማኘኩ ቆመ። ቀንዶቻቸውን በዓይኗ ፈለገች፤ አጣች። ከወደ ኋላዋ በሩ ገጠመና ቁልፉ ዞረ።

"ጋሼ!"

"አይዞሽ፣ ልጄ" አሉ ከሳንቃው ማዶ፣ ሲያጎርሷት በነበረው በዚያው ድምፅ። "እስካሁን ባወጣሁብሽ ወጪ ነበር የያዝኩሽ። አሁን ድርጅቱ አድጓል፤ በዛሬ ዋጋሽ ነው ያስገባሁሽ።"

ኮቴያቸው ራቀ። ሩጫ የለበትም፤ ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው አረማመድ ነበር። ከፍርሃቷ በፊት የመጣባት ይኸው ነው፤ አባቴ ያለችው ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ቆም አላለም። በሩን በቡጢ መደብደብ ጀመረች፤ ክንዷ ከብዷት ነበር።

ከጀርባዋ ጭዱ ተንኮሻኮሸ፤ የተጋደሙት ሁሉ በዝግታ፣ እያለከለኩ፣ አንዱ አንዱን እየደገፈ ተነሡና፣ እንግዳ ሲገባ ሰው ሁሉ እንደሚለው በአንድ ድምፅ "ኖር" አሏት።