የቻንድራጉፕታ ጆሮዎች

ጓድ ሞላ ወረቀቱን በአውራ ጣቱ እየገፋ ወደ ፀሐይቱ አስጠጋው። የጣቱ ቅባት ወረቀቱ ጥግ ላይ ቀርቶ ቀስ እያለ ሰፋ። ሁዳዴ ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ ካድሬው ግን ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው ሁሉ እንዲሸተው የቢሮውን በር ወለል አድርጎ ከፍቶ የፍየል ጥብስ እየበላ ነበር። ፀሐይቱ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ቆመች።

«አንብቢና ፈርሚ» አለ አጥንት እየጋጠ። «ሁለት ሰው ፈርሟል። ያንቺ ሲጨመር ይበቃል።»

አነበበችው። «የታሪክ መምህሩ ሚስተር ኩሪያን፣ የውጭ አገር ዜጋ ሲሆን፣ በአሥረኛ ክፍል ስለ ጥንት የሕንድ ነገሥታት ሲያስተምር፣ የንጉሥ ሰላይ ማለት እንደናንተ ቀበሌ ነው በማለት አብዮቱን አንቋሽሿል» ይላል።

መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነበር። የሷ ስም የለበትም። ቀጥላ ጽሕፈቱን አስተዋለች። ጅራቱ ወደ ውስጥ የሚጠመዘዘው «ር» የብርቄ ነው። ሦስት ዓመት አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው የአንዳቸውን ደብተር አንዳቸው ሲገለብጡ ኖረዋል፤ የብርቄን እጅ ከራሷ እጅ እኩል ታውቀዋለች።

ነገሩ የሆነው ማክሰኞ ዕለት ነው። ሚስተር ኩሪያን ከደቡብ ሕንድ የመጡ፣ የላስታ ብርድ አልለመድ ብሏቸው ክረምት ከበጋ አንገታቸውን በሹራብ የሚጠቀልሉ መምህር ናቸው። እንግሊዝኛው ያልገባው ተማሪ ሲያዩ፣ እዚሁ ላሊበላ በለቀሙት አማርኛ ይደግሙለታል። ያን ቀን የሚያስተምሩት ከኖረ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ስለሆነው ንጉሥ፣ ስለ ቻንድራጉፕታ ማውርያ ነበር። ፓታሊፑትራ ከምትባል ከተማ ተቀምጦ ሰፊ አገሩን በየክፍሉ ገዢ እየሾመ እንዳስተዳደረ፣ የሚወለደውንና የሚሞተውን እንኳ የሚመዘግቡ ሹማምንት እንደነበሩት አስረዱ።

«ጆሮም ነበረው» አሉ። «ሰላይ። መነኩሴ መስሎ ይገባል፤ ነጋዴ መስሎ ይገባል። ተማሪም መስሎ።»

«ንጉሡ የነገሩትን ሁሉ ያምናል?» አለ ከኋላ አንድ ልጅ።

«አንድ ጆሮ አያምንም። ሦስት ጆሮ አንድ ነገር ሲል፣ ያኔ ያምናል። ግን እሱም ሰላም የለውም። ይገድሉኛል ብሎ መኝታውን ይቀያይር ነበር ይባላል።»

ፀሐይቱ ወደ ብርቄ ጠጋ ብላ «ይኼማ የኛ ቀበሌ ነው» አለች። ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት ነበር። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መምህሩ ግን አልሳቁም። ወደ ሰሌዳው ዞረው የጻፉትን ሁሉ አጠፉና ሌላ ገጽ አስገለጡ።

«ምን ያፈዝሻል?» አለ ጓድ ሞላ። «ለክረምቱ ሥልጠና ስምሽ ተይዟል፤ አዲስ አበባ ትሄጃለሽ። ይኼ ሰነድ ደግሞ ዛሬ በጋሸና በኩል በሚያልፈው መኪና ወልድያ መድረስ አለበት።»

ሁለት ጆሮ አግኝቷል። ሦስተኛዋ እሷ መሆኗ ነው።

«አመም አድርጎኛል» አለች። «ትንሽ አየር ልውሰድና ልመለስ።»

ብርቄ ከግቢው የድንጋይ አጥር ሥር ቆማ ትጠብቃት ነበር።

«ፈረምሽ?»

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው።»

«ቀስ በይ» አለች ብርቄ መንገዱን እያየች። «ቤት ድረስ መጣብኝ። ከተማሪዎቹ ማን ነው የተናገረው ብሎ አፋጠጠኝ። ስምሽን እንድሰጠው ነበር የምትፈልጊ?»

«እሳቸው ያላሉትን አሉ አልሽ።»

«ፋራ አትሁኚ። እሳቸው የሰው አገር ሰው ናቸው። ቢበዛ አውሮፕላን አሳፍረው ወደ አገራቸው ይመልሷቸዋል። አንቺን ግን…»

አልጨረሰችውም። የብርቄ ታላቅ ወንድም፣ እንግዳው የሚባለው፣ ለጥያቄ ትፈለጋለህ ተብሎ እዚሁ ቢሮ ከገባ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። እናታቸው ሐዘን ይቀመጡ አይቀመጡ ግራ እንደገባቸው አሉ።

ፀሐይቱ ልትቆጣት ፈልጋ አልቻለችም። ብርቄ የዋሸችው ለሷ ብላ ነው። ያቅለሸለሻትም ይኸው ነው። ውሸቱ በልኳ ተሰፍቶላታል፤ ገና ስታነበው ሙቀቱ ተስማምቷታል። ጥብሱን፣ ካድሬውን፣ ያን ቅባታም ወረቀት ስትጠየፍ ቆይታ አሁን የተጠየፈችው ራሷን ነበር። አፏ ውስጥ የሞላውን ምራቅ አጥሩ ሥር ተፋችው።

ቀና ስትል ሚስተር ኩሪያን ደብተር ታቅፈው በመንገዱ ሲመጡ አየች።

«ደህና ዋላችሁ ልጆች» አሉ። የሁለቱንም ደብተር ፈልገው አወጡ። «የሁሉንም አረምሁ። ሌላ ጊዜ ላላገኝ እችላለሁ።»

ብርቄ ደብተሯን ተቀብላ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች።

«ሚስተር ኩሪያን» አለች ፀሐይቱ፣ «ማን እንደተናገረ ጠይቀዎታል?»

«ሁለት ቀን ጠየቁኝ።»

«ምን አሏቸው?»

«ጆሮዬ ደካማ ነው፣ አልሰማሁም አልሁ።» ሹራባቸውን አንገታቸው ላይ አጠበቁ። «ፊትሽ ደህና አይደለም። ውሃ ጠጪ።» ይኸን ብለው ቁልቁለቱን ወረዱ።

ብርቄ እስኪርቁ ጠበቀች። «አየሽ፤ እሳቸውም ሊሸከሙት ፈቅደዋል። ግቢና ፈርሚ፣ ይለቅ።»

«አዎ» አለች ፀሐይቱ። «እሳቸውም አንቺም ተሸከማችሁ። ምንም ያልተሸከምሁ እኔ ብቻ ነኝ።»

«ምን ልታደርጊ ነው?»

ፀሐይቱ ደብተሯን ሰጠቻት። «ለእማዬ ስጭልኝ። ልትቆይ ትችላለች በያት።»

ብርቄ እጇን ያዘቻት። ለአፍታ እንደያዘቻት ቆየች፤ በኋላ ግን ለቀቀቻት።

ጓድ ሞላ በልቶ ጨርሶ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ነበር። እስክሪብቶውን ወደሷ አንከባለለው።

«ሌላ ወረቀት ይስጡኝ» አለች።

«ለምን?»

«ይኼ ልክ አይደለም። የሆነውን እኔ ራሴ እጽፈዋለሁ።»

ስንጥሩ ጥርሱ መሃል ቆመ። ትክ ብሎ አያት። ከዚያ መሳቢያውን ስቦ አንድ ባዶ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጣለላት።

ፀሐይቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ማቅለሽለሹ አልለቀቃትም። ከላይ ስሟን ከነአባቷና ከነአያቷ ስም ጻፈች። ቀጥላም «ማክሰኞ ዕለት በታሪክ ክፍለ ጊዜ» ብላ ጀመረች።