ከመጨረሻው ገጽ ወደ እኛ

አንብባችሁ ያልጨረሳችሁትን መጽሐፍ ለሰው «አንብበው፣ ግሩም ነው» ብላችሁ ታውቃላችሁ?

አትዋሹ። ብላችኋል።

ይህን የቴሌግራም ቻናል የከፈትኩት እናንተን ለመሳደብ ነው ብትሉኝም አልክድም። ፋንታሲ ልቦለዶችን እየመረጥኩ እነግራችኋለሁ፤ ያልጨረስኩትን ግን አንድም ቀን መክሬያችሁ አላውቅም።

ዛሬ የምጽፈው ልቦለድ አይደለም። ዲላ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በእኔና በአክስቴ ልጅ ላይ የደረሰ ነው። የማያምን ይምጣና ያሽትተኝ።

ቅዳሜ ነበር፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፋንታሲ የምንወድ አንባቢዎች በየሳምንቱ የምንገናኝበት ጁስ ቤት ተቀምጠናል። ደንባችን ቀላል ነው። አንዱ ተከታታይ መጽሐፍ ይመክራል፣ ሌሎቻችን እንሞግተዋለን።

የዕለቱ ተረኛ ሳምሶን ነበር። ከፌስታል ስድስት ቅጽ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ።

«የጭቃ ነገሥታት»። የደራሲም የተርጓሚም ስም የለበትም።

«እንዲህ ያለ ዓለም የፈጠረ የለም» አለ። «ከጭቃ የተሠሩ ነገሥታት፣ የሚናገር ረግረግ... አንዴ ከጀመራችሁ አታቆሙም።»

«እንዴት ያልቃል?» አልኩት።



የአቮካዶ ጁሱን አነሳ። ሌባ ጣቱ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ፕላስተሩ ርሷል...

«ሳምሶን፣ አማርኛ ነው የምናገረው። መጨረሻው ምንድን ነው?»

«አንተ ደግሞ! መጨረሻው ከተነገረ ማን ያነበዋል?»

«አልጨረስከውም!»

«ደግነት፣ አቃቤ ሕግ ብትሆን ያዋጣህ ነበር» አለች ትንቢት፣ የአክስቴ ልጅ። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ።

ሳምሶን ብቻ አልሳቀም።

«ማንም አልጨረሰውም» አለ በሹክሹክታ። «ለእኔ የመከረኝም አልጨረሰውም።»

ስድስተኛውን ቅጽ አነሳሁ። የገጾቹ ጥግ... እርጥብ ነበር።

ዝናብ ከጣለ ሰንብቷል።

ምራቅ ነው። ጣታቸውን እየላሱ ገጽ የሚገልጡ ሰዎችን አውቃለሁ፤ ያስጠሉኛል። የሰው መጽሐፍ ላይ ከመትፋት በምን ይለያል? የዚህኛው እርጥበት ግን ገና ሞቃት ነበር።

እጄን ሱሪዬ ላይ ጠረግኩ። «ይሄን ቆሻሻ እንዳትወስጂ» አልኳት ትንቢትን።

«አንተ የማትጠላው ነገር አለ?» አለችና ስድስቱንም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ሳምሶን ትንፋሹን ለቀቀ። ሸክም ከትከሻው ያወረደ ሰው እንደሚተነፍሰው...

ትንቢት ከእናቷ ጋር ከዲላ አለፍ ብላ ባለችው ጪጩ ነው የምትኖረው። በቴሌግራም ድምፅ ትልክልኝ ጀመር።

«ደጉ፣ አንደኛውን ጨረስኩ! ተሳስተሃል፣ ግሩም ነው!»

ከድምፅዋ ኋላ ገጽ ሲገለጥ ይሰማል።

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሌላ ገጽ። ይሄኛው ቀስ ያለ... የሚያጣብቅ ድምፅ ያለው።

«ከማን ጋር ነው የምታነቢው?» ብዬ ጻፍኩላት።

«ብቻዬን።»

ከዚያ በኋላ ድምፅዋ ጠፋ። አንድ ጠዋት አክስቴ አትጠገብ ደወለች።

«ደግነት ልጄ፣ እህትህ እህል ውሃ አቁማለች። እባክህ ድረስልኝ።»

ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በባጃጅ ደረስኩ። ገና በሯን ስከፍት ሽታው መታኝ።

ቆጮ ነው እንዳትሉኝ። ቆጮ በልቼ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ የቦካ እንሰት ንጹሕ ሽታ አለው። ይሄ የአፍ ሽታ ነው። ከተፈጠረ ጀምሮ ያልታጠበ፣ ቤት የሚያክል አፍ።

ትንቢት መስኮቱ ሥር አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። አራተኛው ቅጽ ጭኗ ላይ ነው። ጣቷን ትልሳለች፣ ትገልጣለች። ትልሳለች... ትገልጣለች።

ከንፈሯ በድርቀት ተሰነጣጥቋል። ጣቷ ግን ውሃ ውስጥ የከረመ ይመስል ነጥቷል፣ ተጨማዷል፣ ጥፍሩ ላልቷል።

«ትንቢት!»

«ቀስ በል... ይሰማል።»

«ማን ነው የሚሰማው?»

ወለሉ ላይ ያሉትን መጻሕፍት በአገጯ አሳየችኝ። አምስተኛውና ስድስተኛው ቅጽ። ገና አልደረሰችባቸውም።

ከፈትኳቸው። ከመጨረሻው ገጽ እስከ መጀመሪያው፣ ጥጉ ሁሉ ርሷል። ሁለት ገጽ ሳላቅቅ ምራቁ እንደ ክር ተጎተተ።



«ከመጨረሻው ጀምሮ ነው የሚያነበው» አለች። «ወደ እኔ እየመጣ ነው።»

ጭኗ ላይ ያለውን አየሁ። ከፊት፣ እሷ ያነበበችው ርሷል። ከኋላም ርሷል። መሐል ላይ የቀሩት ደረቅ ገጾች ከጣት ውፍረት አይበልጡም።

«ዝጊው! አቁሚ!»

«እኔ ሳቆም እሱ አያቆምም።»

ልነጥቃት መጽሐፉን ሳብኩ። ጮኸች። ጣቷ ገጹ ላይ ተጣብቋል፤ ቆዳዋ አብሮ ተሳበ።

ሳምሶን ጋ ደወልኩ።

«ስንተኛው ላይ ደረሰች?» አለኝ። ሰላም እንኳ ሳይል!

«አንተ ምን ዓይነት አረመኔ...»

«ስድብህን ተወውና ስማኝ። ለሌላ ሰው ትምከረው። ያ ሰው እሺ ብሎ ከተቀበለ፣ ያም ነገር ተመልሶ ከመጨረሻው ይጀምራል። እኔን የለቀቀኝ እንደዚያ ነው።»

ዘጋው።

ስንት ጊዜ «ግሩም ነው» ተብለን ተቀብለናል? ስንቱ ነው ራሱን ለማዳን ሲል መጽሐፍ ያሞገሰልን?

ትንቢት የስልኩን ወሬ ሰምታ ኖሮ ቀና ብላ አየችኝ። በዚያ በተሰነጠቀ ከንፈር ፈገግ አለች።

«ደጉ... ቻናልህ ላይ ስንት ሰው አለ። ‹አንብቡት› በላቸው። አንዱ እሺ ማለቱ አይቀርም።»

«አይሆንም።»

«እህትህ ነኝ እኮ...»

ስልኬን አወጣሁ። «ግሩም ተከታታይ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

አየሁት። አጠፋሁት። ይህን አፍ ወደ እናንተ ቤት አልልክም።

በዚያው ቅጽበት ከመጽሐፉ የኋላ በኩል አንድ ገጽ ብቻውን ተነሳ... ተገለጠ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሌላው። ትንቢት ዓይኗን ጨፈነች።

ሁለት ደረቅ ገጾች ሲቀሩ ቀኝ እጄን መሐላቸው ሰነቀርኩ።

የእሷ ጣት ተላቀቀ።

አሁን ጓዳ ውስጥ እናቷ ውሃ እያጠጣቻት ነው። ስትውጥ ይሰማኛል። ደግ ነው።

እኔ ይህን የምጽፈው በግራ እጄ ነው። ቀኙ አልወጣልኝም።

ከወዲያኛው ገጽ ሥር ለስላሳና ሞቃት ነገር ጣቶቼን አንድ በአንድ እየላሰ ነው። ሳይቸኩል... ገጽ ሊገልጥ እንደሚያረጥብ ሰው።

አንብቡት አልላችሁም።

ሳምሶን! ይህን ቻናል እንደምትከታተል አውቃለሁ። በውስጥ መስመር እንዳትጽፍልኝ። እዚሁ፣ ከዚህ ጽሑፍ ሥር፣ ሰው ሁሉ እያየ መልስ፦ ለሌላ ሰው ሳይመክሩ ከዚህ መውጫ አለ ወይስ የለም?