የኩይሳው ባለቤት

ቀረብ በሉ። እሳቱን ተዉት፣ አትቆስቁሱት። ይህን ወሬ ብርሃን አይወደውም።

ድሮ ነው። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። ጓንጉል የሚባል ሰው በኩይሳ መሃል ባለች ቀጭን መንገድ ወደ ቤቱ ይሮጣል። ብቻውን። ከማዶ ጠርተውታል፤ «ጓንጉል ሆይ! አትጠገብ ምጥ ያዛት!» ብለው። አትጠገብ ሚስቱ ናት።

ጠዋት ምን አድርጎ ነበር? ኩይሳ ንዶ ነበር። ሚስቴ በአዲሱ ቤት ትውለድ ብሎ ቸኩሏል፣ ግድግዳው ምርጊት ይቀረዋል። ለምርጊት የኩይሳ አፈር የሚያህል የለም። ግን ወግ አለው። በዶማው እጀታ ታንኳኳለህ። «ባለቤት፣ እንግዳ ነን፣ ውጣልን» ትላለህ። ትቆያለህ። ለማን? ለዕውር እባብ። አይታችሁታል? ከጅራፍ ጫፍ አይወፍርም። ራሱና ጭራው አይለይም። ዓይኑ ከቆዳው ሥር ተቀብሯል። ምስጡን በልቶ ከመሬት ውስጥ ያድራል እንጂ ሰው አይነካም።

«አንኳኳ እንጂ ጓንጉል!» አለው ጎረቤቱ፣ አያ ቢረሳው።

«ለትል ደግሞ ደጅ ልጥና? አንተ አንኳኳለት፣ ዘመድህ መሰለኝ!»

ሳቀ። ዶማውን ኩይሳው ላይ አሳረፈው። እባቡ ለሁለት ተቆረጠ። አያ ቢረሳው አልሳቀም። ትቶት ሄደ። አንደኛው ቁራጭ ከነአፈሩ በአህያ ተጫነ፤ ሴቶቹ ሳያዩት ከጭድ ጋር አቡክተው ግድግዳውን መረጉበት።

እንግዲህ ጓንጉል እየሮጠ ነው። መጀመሪያ ምን ሰማ? ከእግሩ ሥር ሸርተት፣ ሸርተት። እሱ ቆመ፤ ድምፁም ቆመ። እሱ ሄደ፤ ድምፁም ሄደ። ቀጥሎስ? ከኋላው የዘንግ ድምፅ። ኳ። ኳ። ዞረ። ጋቢ የተከናነበ ሽማግሌ ነው።

«ልጄ፣ ዓይን የለኝም። ቤቴ ፈረሰ። እጄን ይዘህ ምራኝ።»

ዕውር ምራኝ ሲል እምቢ ይባላል? አይባልም። እጁን ያዘው። እጁ ቀዝቃዛ ነው። ልስልስ ነው። ጣት የለውም።

«ወ… ወዴት ልምራዎት፣ አባቴ?»

«ወደ አፈሬ።»

እጁን ሊያስለቅቅ ሞከረ። አልለቀቀውም። ሄዱ፣ ሄዱ። ቤቱ ታየ። አትጠገብ ታቃስታለች። አፈሩ የት እንዳለ እናንተ ታውቃላችሁ። ጓንጉልም ያን ጊዜ አወቀ። ደጁ ላይ ቆመ።

«አባቴ፣ እዚህ አይግቡ። ቤትዎን በእጄ መልሼ እሠራለሁ።»

«ግማሼስ?»

ጓንጉል የሚስቱን ድምፅ አዳመጠ።

«በእኔ ይሙሉት» አለ።

ሽማግሌው ጋቢውን ገለጠ። ፊት የለም። ቆዳ ብቻ። ተያይዘው ተመለሱ። እልልታው ከኋላው ተሰማ፤ ወንድ ይሁን ሴት ሳያውቅ ሄደ።

ሲነጋ አያ ቢረሳው ኩይሳው ድረስ ወረደ። የተናደው ኩይሳ እንደ ድሮው ቆሟል። ከሥሩ ጣት የማታስገባ ቀዳዳ አለች። የጓንጉል ኩታ ጫፍ በእሷ በኩል ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይሳብ ነበር።

ብቻችሁን አታምሹ። ደጅም ሳታንኳኩ አትናዱ።

ይህ የተቀመጣችሁበት መደብስ፣ አፈሩ ከየት መጣ? ሲናድ ማን አንኳኳ?

ዝም በሉ። ከሥር ነው። ስሙ።

ኳ።

እግራችሁን አንሱ!