ከባዶው ቤት ስልኩን ያነሳው ማነው?

ይሄ ቁጭ ብዬ የፈጠርኩት ወሬ አይደለም። ያላመነ አይመን፤ ለመማል እንኳ ጉልበት የለኝም።

ማክሰኞ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

የሰፈሩ ሰው በሙሉ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ተኮልኩለናል። የድንጋይ ከሰል ማውጫው ሊሰፋ ስለሆነ ፍንዳታ አለ። ባፈነዱ ቁጥር ከቤታችን አውጥተው ሜዳ ላይ ያሰጡናል።

የሚያስወጣን ሰውዬ የኩባንያው የማኅበረሰብ ጉዳይ ኃላፊ ነው። እኛ "አቶ ማኅበረሰብ" ነው የምንለው። አቧራው ጨረሰን ስንለው ኮፍያ ያድለናል። ግድግዳችን ተሰነጠቀ ስንለው "ስሜታችሁን እንጋራለን" ይላል። ስሜቴን ተጋርቶ ቤቴን ሊንድ! አይ እሱ!

ከሁሉ የሚኮራው ደግሞ በስልኩ ነው። ለየቤቱ ስልክ አስገብቶልናል። ከፍንዳታው በፊት በየተራ ይደውላል። ማንም ካላነሳ ቤቱ ባዶ ነው። ሰው ካነሳ... ፍንዳታ የለም። ሕጉን ያወጣው ራሱ ነው።

የዚያን ቀን ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች መጥተውለታል። ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ቀዝቃዛ ውሃ ይጠጣሉ። እሱ ሞባይሉን ማይክሮፎኑ ላይ አስጠግቶ ይደውላል። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ሲያበቃ እንግዶቹ ያጨበጭባሉ። ለማይነሳ ስልክ ጭብጨባ!

የእኛ ቤት መጨረሻ ነበር። የከሰሉ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ያለው እሱ ነው።

ጠራ... ጠራ...

ተነሳ።

ለጭብጨባ የተነሳው የእንግዶቹ እጅ አየር ላይ ቀረ። በድምፅ ማጉያው ትንፋሽ ተሰማ... ከዚያ ሳል።

"ልጄ..." አለ ድምፁ በሹክሹክታ። "ትተሽኝ ወጣሽ እንዴ?"

የእናቴ ድምፅ ነው።

እናቴ ግን አጠገቤ ቆማለች። እጄን ይዛ።

ቀስ ብዬ ዞርኩ። ሻርፗን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። የራሷ ሻርፕ። የራሷ ጫማ። ግን... ከሰሉ ደረቷን ከበላው ወዲህ ሳትስል ሁለት ቃል ተናግራ የማታውቅ ሴት፣ ከቤት ከወጣን ጀምሮ አንዴም አላሳለችም።

"እማዬ?" አልኳት።

እጄን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው።

"አቁም!" ብዬ ጮህኩ። "እናቴ ቤት ውስጥ ናት!"

አቶ ማኅበረሰብ እንግዶቹን በዓይኑ ቃኘ። ፈገግ አለ።

"ተረጋጊ እህቴ። እናትሽ ይቺውና አጠገብሽ! የመስመር ችግር ነው።"

"ሰው ካነሳ አይፈነዳም አላልክም?"

"ሰው ካነሳ ነዋ።"

"በሩን ከውጭ ቆልፈሽዋል..." አለ ድምፁ። "ቶሎ ነይ ልጄ..."

አቶ ማኅበረሰብ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋው። እንግዳ እንዳይከፋበት!

ልሮጥ ስል እጄ አልላቀቅ አለኝ። እናቴ ውሃ የሞላ ባልዲ ማንሳት ካቃታት ቆይቷል። እነዚህ ጣቶች ግን እንደ ጉጠት ነክሰውኛል። "ልቀቂኝ! በናትሽ ልቀቂኝ!" አልኩ። ጎረቤቶቼ አዲሱን ኮፍያቸውን እንዳደረጉ አንገታቸውን ደፉ። ወይ ጎረቤት!

ሳይረኑ ጮኸ። መሬቱ ከነእኛ ነጠረ።

አቧራው ሜዳውን ዋጠው። ገለጥ ሲል ሁላችንም ጠቁረናል። እንግዶቹም፣ ድንኳኑም፣ አቶ ማኅበረሰብም ከነጥርሱ። ቤታችን የነበረበት ቦታ ላይ ሰማይ ብቻ ይታያል።

"ትንሽ የመሬት መንሸራተት ነው" ይላል፣ በዚያ በጠቆረ አፉ። "እንተካላችኋለን።"

ቤቱን ነው እናቴን?

እጄን የያዘችው ላይ አንዲት ቅንጣት አቧራ የለም።

ሻርፗን ከዓይኗ ገፋ አደረገች።

"ነይ" አለችኝ፣ በእናቴ ድምፅ። "ወደ ቤት እንሂድ።"

ከዚያም ወደ ጉድጓዱ ትመራኝ ጀመር...