ሰፈሩ እንዴት ነው?

«የኔ ቆንጆ፣ እስቲ እውነቱን ንገሪኝ። ሰፈሩ ለኑሮ እንዴት ነው?»

ሴትዮዋ ባሏንና ደላላውን ግቢ ውስጥ ትታ መንገዱን የተሻገረችው ይህን ለመጠየቅ ነበር። ደላላ የሚያሻሽጠውን ቤት ሲያሞግስ ነው የሚውለው፤ ጎረቤትንም ይሉኝታ ይይዘዋል። በራቸው ደፍ ላይ ቁጭ ብላ የሂሳብ የቤት ሥራዋን የምትሠራ ልጅ ግን ለምን ብላ ትዋሻለች?

ቀጮ የእርሳሷን ጫፍ ነከሰች። የሚሸጠው የጓደኛዋ የድምቡሼ ቤት ነው። ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ተለያይተው አያውቁም፤ የሰፈሩ ሰው አንዷን ብቻዋን ካየ «ግማሽሽ የት ሄደ?» ይላል። ቤቱ ከተሸጠ ድምቡሼ ከእናቷና ከታናሽ ወንድሟ ጋር አባቷ ወደሚሠራበት ሩቅ ከተማ ትሄዳለች።

«ቀን ቀን ጥሩ ነው» አለች ቀጮ።

«ማታስ?»

እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር። «ማታማ ያው… ያ በያጁ አለ አይደል?» ብላ ከድምቡሼ ግቢ ጎን ወዳለው የብየዳ ቤት በአገጯ አመለከተች። «ሌሊቱን ሙሉ ብረት ሲቀጠቅጥ ነው የሚያድረው። ሲጠጣ ደግሞ ሰው ይሳደባል። ልጆች ካሏችሁ እንግዲህ…»

«አሉን እንጂ!» አለች ሴትዮዋ ደንግጣ። «ተባረኪ የኔ ልጅ። አንቺ ባትኖሪ ጉድ ሆነን ነበር።»

ባልና ሚስቱ ወዲያው ሄዱ። ቀጮ ደስ አላት፤ ደስታዋ ግን እስከ እራት እንኳ አልቆየም። ያ «ተባረኪ» የሚለው ቃል ከጆሮዋ አልጠፋ አላት። እውነቱን ለማውራትም ቢሆን ወሬ አልጠፋባትም ነበር። ዝናብ ሲጥል መንገዱ ይጨቀያል፤ ውሃ ይጠፋል። ውሃ ሲጠፋ ደግሞ በርሜል ያለው ለሌለው ያካፍላል፤ አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ከዘገየ መንገዱ በሙሉ ነው ፍለጋ የሚወጣው።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ድምቡሼ ዝም አለች። ድምቡሼ ዝም ካለች ነገር አለ ማለት ነው፤ ፈተና ላይ እንኳ አፏ አያርፍም።

«ምን ሆነሻል አቦ?»

«ምንም። ሰዎቹ ቀሩ። ወደውት ነበር እኮ! እማዬ ለአባዬ ደውላ አለቀ ብላው ነበር። ትንሹማ ጫማዎቹን በፌስታል ቋጥሮ በር ላይ አስቀምጧል። አባዬን በስልክ እንጂ በአካል አያውቀውም፣ ምስኪን።» የቀጮን ፊት ስታይ ቶሎ ፈገግ አለች። «አንቺ ደግሞ እንዳይከፋሽ! ካንቺ ጋር መቆየቴማ ለኔ ፌሽታ ነው።»

ቀጮ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ብትጮህባት ይሻላት ነበር። ድምቡሼ ለካ ቀጮን ላለማስከፋት ብላ የአባቷን ናፍቆት ስትደብቅ ኖራለች።

ድምቡሼ ወደ ግቢዋ ስትገባ ቀጮ የብየዳ ቤቱን አየች። ሁልጊዜ ወለል ብሎ የሚውለው በር ተዘግቷል። ከውስጥ የመዶሻ ድምፅና ሳል ይሰማል፤ በበሩ ሥር ጭስ ይወጣል። በዚህ ሙቀት በር ዘግቶ መበየድ! በያጁ ጀምበር ስታዘቀዝቅ መሣሪያውን ሰብስቦ ቤቱ የሚገባ ሰው ነው፤ ጠጥቶ ያየውም የለም።

ስታንኳኳ ዓይኖቹ ቀልተው ብቅ አለ።

«ጋሼ፣ በሩን ለምን ዘጉት?»

«አልሰማሽም እንዴ? ሌሊቱን ስቀጠቅጥ የማድር ሰካራም ነኝ አሉ!» ሊስቅ ሞከረና ሳሉ አቋረጠው። «ገዢዎቹ የሸሹት በእኔ ነው፣ ደላላው ነገረኝ። አባታቸው ጋ እንዳይሄዱ እኔ መንገድ ልዝጋባቸው? ቤቱ እስኪሸጥ እንዲህ እሠራለሁ። የከነከነኝ ሌላ ነው። ማንን በድዬ ነው? ጎረቤት ሰላም ባልኩ ቁጥር፣ እሱ ይሆን፣ እሷ ትሆን እላለሁ።»

«እኔ ነኝ» አለች ቀጮ።

«ምኑ?»

«ያንን ያልኩት። ድምቡሼ እንዳትሄድብኝ ብዬ።»

በያጁ ጓንቱን አወለቀ፤ መልሶ አጠለቀው። «እኔን? ሰካራም?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ቢቆጣ ይቀላት ነበር።

«ይቅርታ ጋሼ።»

«ሰምቻለሁ። ግን ገና አልወጣልኝም፤ አልዋሽሽም።» በረጅሙ ተነፈሰ። «ደላላው ሴትዮዋን ያገናኘናል፤ አንቺው ራስሽ ታናግሪያታለሽ። እዚያ ቤትስ?» ወደ ድምቡሼ ግቢ አመለከተ።

ቀጮ የፈራችው ይህንኑ ነበር። ሴትዮዋን ብቻ አናግራ፣ ድምቡሼ ምንም ሳትሰማ ነገሩ ሊስተካከል ይችላል። ከሰማች ግን በቀራቸው ጊዜ ዓይኗን ማየት አትፈልግ ይሆናል። እንዳትለያት ብላ የዋሸችላት ልጅ፣ ሳትሄድ ትለያት ይሆናል። በያጁም መልሱን ሳይጠብቅ በሩን ዘግቶ ገባ፤ ሳሉ እንደገና ጀመረ።

መንገድ ላይ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ሄዳ የድምቡሼን በር አንኳኳች።

«ውይ፣ ካሁኑ ናፈቅኩሽ?» አለች ድምቡሼ እየሳቀች።

«እናትሽ አሉ?»

«አለች። ምነው?»

«ጥሪያቸው። አንቺም ቁጭ በይ» አለች ቀጮ፤ ሐሳቧን ሳትቀይር ቶሎ ብላ ገባች።