የሬቫቲ ጉርሻ

ወይንሐረግ ከጃይፑር ወጣ ባለች ትንሽ ከተማ በበጎ ፈቃድ እንግሊዝኛ ልታስተምር ስትመጣ ያረፈችው ሁሉም አንቲ፣ አክስቴ እያለ በሚጠራቸው በሱሺላ ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት የጣሪያው ማራገቢያ እየተንቋቋ፣ የሰናፍጭ ዘይት ሽታ ከማድቤቱ እየወጣ፣ ቤተሰቡ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ይበላል። የአንቲ ሱሺላ ባለቤት፣ መምህርቷ ባቡር እንዳያመልጣት ነው የምትበላው እያሉ ይቀልዱባታል። ሳይነካ የሚመለሰው የሬቫቲ ሳህን ብቻ ነው። የቤቱ ልጅ ሬቫቲ ከመጋረጃ ጀርባ ተኝታ ትውላለች፤ ምግብ እምቢ ካለች ቆይታለች። ወይንሐረግ ብዙም አላዘነችላትም። ክረምቱ ሲወጣ አዲስ አበባ የረዳት መምህርነት ሥራ ይጠብቃታል፤ ሐሳቧ ሁሉ መመለሱ ላይ ነበር።

አንድ ቀን ትምህርት ቤት የሚያደርሷት አንቲ ሱሺላ መጋረጃው ሥር ልጃቸውን ሲለማመጡ ረፈደባት። ትዕግሥቷ አለቀ። ገብታ ሮቲ በሚሉት ቂጣ የምስር ወጥ ጠቅልላ፣ እናቷ ቤት እንደሚደረገው፣ ወደ ልጅቷ አፍ አስጠጋች።

«በሞቴ፣ አፈር ስሆን ጉረሺልኝ።»

ሬቫቲ አፏን ከፈተች።

መንገድ ላይ አንቲ ሱሺላ ምን እንዳለቻት ጠየቋት። ወይንሐረግ እየሳቀች ተረጎመችላቸው፤ እኛ አገር ሰው አልበላም ሲል በራሳችን ሞት እንለምነዋለን አለች። እሳቸው አልሳቁም። ነገም እንድታጎርስላቸው ብቻ ለመኗት።

ማጉረሱ ልማድ ሆነ። የሬቫቲ ጉንጭ ሞላ፤ በረንዳ ወጥታ ፀጉሯን ማበጠር ጀመረች። ወይንሐረግ ግን ሻዩም ማንጎውም ዝናብ የነካው መሬት መሬት ይላት ጀመር። ጠመኔ ብቻ የሚይዙት ጣቶቿ ጥፍር ሥር ቀይ አፈር ታገኛለች፤ ታጥበውና ከሰዓት ተመልሶ ታየዋለች። ክፍል ገብታ እየተናገረች፣ ተማሪዎቿ ወደ በሩ እያዩ ዛሬ መምህርቷ የት ቀረች ይባባላሉ። መፍራት እንደነበረባት ታውቃለች። የተሰማት ግን ድካም ብቻ ነው፤ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ እግሯ እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ከብዷት፣ ትንሽ ጋደም ልበል ብላ ቅርብ ያገኘችው የሬቫቲ አልጋ ላይ ወጣች። መጋረጃውን የዘጋው ማን እንደሆነ አላየችም።

የመመለሻዋ ቀን መኪናው ማለዳ መጣ። ልትነሳ ሞከረች፣ ሰውነቷ አልታዘዛትም፤ ልትጣራ አፏን ብትከፍት ምላሷ ላይ ጭቃ እንጂ ቃል አልነበረም። በመጋረጃው ክፍተት ሬቫቲ የእሷን ሹራብ ለብሳ፣ የእሷን ሻንጣ ስትጎትት አየች። ሹፌሩ ወይንሐረግ ብሎ ጠርቶ ፓስፖርቷን መያዟን ጠየቃት። ሬቫቲ በወይንሐረግ ድምፅ፣ ይዣለሁ አለችው።

መኪናው ከሄደ በኋላ አንቲ ሱሺላ ሳህን ይዘው አጠገቧ ተቀመጡ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አይዞሽ ልጄ፣» አሏት ፀጉሯን እየዳሰሱ፤ «አዲሷ መምህርት ሰኞ ትገባለች። ከአንቺው አገር እንድትሆን ጠይቄያለሁ።»