የደመላሽ ማኅተም

«ማኅተሙስ?» አለ ደመላሽ፣ በሽተኛው ላይ ጎንበስ ብሎ። «ማነው ከግንባሩ ላይ ማኅተሜን ያጠፋው?»

በሽተኛው ይማም ለመመለስ አቅም አልነበረውም። ጠዋት ከጨው መኪና ላይ ወድቆ እግሩ የተሰበረ የወሎ ሰው ነው፤ በደመላሽ ግቢ ውስጥ ሰሌን ላይ ተጋድሞ ያቃስታል። የመለሰችው ሚስቱ ሐቢባ ናት።

«እኔ ነኝ ዶቶሬ። ዙህር ደረሰና ልስገድ ቢለኝ ፊቱን አጠብኩለት። ምን አጠፋሁ?»

«መድኃኒቱን አብረሽ አጠብሽዋ። አሁን የወጋሁት ከንቱ ቀረ። ስቃዩን አታይም? መድገም ሊኖርብኝ ነው።»

ሸዋወርቅ የመርፌውን ሳሕን ይዛ ከአጎቷ ከደመላሽ ጀርባ ቆማ ነበር። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ በዕድሜዋ ብዙ ጅል አይታለች፣ እንዲህ ያለውን ግን አላየችም።

ደመላሽ በጣልያን ጊዜ የሆስፒታል ወለል ጠራጊ ነበር። ጣልያን መቀሌን ሲለቅ አንድ ሣጥን የሞርፊን ብልቃጥና አንድ ነጭ ጋዋን ይዞ ወጣ፤ በማግስቱ ዶቶሬ ሆነ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ለዚህኛው ጅብ ግን የሚያውቁትም አነጠፉለት። ሐኪሞቹ ሞርፊን የተወጋ ሰው ግንባር ላይ ሲረጥብ ቀለም በሚሰጥ ኮፒያ እርሳስ ኤም የምትባለውን የፈረንጅ ፊደል ሲጽፉ፣ መጥረጊያውን ተደግፎ ያይ ነበር። ለምን ብሎ አልጠየቀም። መድኃኒቱን የሚያጸናው ጽሑፉ ነው ብሎ ደመደመ፤ ማኅተም ብሎ ሰየመው፣ አለቀ።

ሸዋወርቅ ግን ያኔ ምሳውን ስታመላልስ አንዲት መነኩሲት ነርስን ስለ ምልክቱ ጠይቃ ነበር። «ይህ መድኃኒት ከአበባ ፍሬ ወተት ነው የሚሠራው» አለቻት በተሰባበረ ትግርኛ። «ሕመምን ያስተኛል። ሲደራረብ ትንፋሽንም ያስተኛል። ምልክቱ ለሌላው ሐኪም ነው፤ ተወግቷል፣ አትድገም ማለት ነው።»

ደመላሽ ሁለተኛውን ብልቃጥ አንስቶ አንገቱን ቀጨው፤ መድኃኒቱን በመርፌው ሳበ።

«ጋሼ፣ የመጀመሪያው ገና አልደረሰም። ትንሽ ይቆይ፤ ትንፋሹን ይዘጋበታል።»

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆንሽው? ከአበባ ነው የሚሠራው ያልሽኝ ራስሽ ነሽ። አበባ ሰው ሲገድል የት አየሽ?»

አጥር ላይ ተንጠልጥለው የሚያዩት ጎረቤቶች ሳቁ። ሸዋወርቅ ተቃጠለች። እውነቱን ብትናገር ማታ የምታድርበት ቤት የለም፤ የምትበላውም የምትተኛውም እዚሁ ነው። ዝም ካለች ደግሞ ይማም አይነቃም።

እርሳሱን ከሳሕኑ አነሣች፤ ጫፉን በምላሷ አርሳ በይማም ግንባር ላይ ፊደሉን መልሳ ጻፈች።

«ማኅተሙን መለስኩት ጋሼ። መድኃኒቱም ይመለሳል።»

ደመላሽ መርፌውን እንደያዘ ቆመ። አይመለስም ቢል በጎረቤቶቹ ፊት የራሱን ማኅተም ሊያዋርድ ነው።

«እሱንማ እኔም ላደርገው ነበር» አለ በመጨረሻ። መርፌውን ሳሕኑ ላይ ጥሎ፣ ጥርሱን አሞት ቤት ውስጥ ወደሚጠብቀው ሽማግሌ ገባ።

ብዙም ሳይቆይ የይማም ማቃሰት ቀነሰ፤ ዓይኖቹም ተከደኑ።

«አልሐምዱሊላህ» አለች ሐቢባ። «ማኅተሙ ሠራ ወላሂ። ዶቶሬውን ዕድሜ ይስጠው።»

ሸዋወርቅ አፈረች። ለአጎቷ የነበራት ንቀት ዞሮ ራሷ ላይ አረፈ። እሷም እንደሱ ሰው አታልላለች።

«ማኅተሙ ምንም አይሠራም እትዬ ሐቢባ» አለች፣ አጥሩ ጋ እስኪሰማ ድረስ። «የቅድሙ መርፌ ነው አሁን የደረሰው። ቢደገም ኖሮ ላይነቃ ይችል ነበር። አጎቴ ሐኪም አይደለም፤ የሐኪሞቹን ወለል ጠራጊ ነበር። መርፌው አጥንት አይጠግንም፣ ወጌሻ ያስጠሩ። እስኪመጣ ትንፋሹን እኔ እጠብቃለሁ።»

አጥሩ ላይ የሚስቅ ጠፋ። ሐቢባ አንዴ እሷን፣ አንዴ በሩን አየች፤ ከዚያ ነጠላዋን ሰብስባ ወጌሻ ፍለጋ ወጣች።

«ሸዋወርቅ፣ ሳሕኑን አምጪ፤ ሽማግሌውን ልወጋ ነው» አለ ደመላሽ ከውስጥ።

ሸዋወርቅ ሰሌኑ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሳሕኑን ከነመርፌው ጭኗ ላይ አድርጋ እጇን በይማም ደረት ላይ አኖረች።

«አንቺ፣ አትሰሚም?»

ደረቱ ዝቅ አለ። ትንሽ ዘገየ። ከዚያ ከፍ አለ።

«እሰማለሁ» አለች፣ ሳትነሣ።